ስለ አልትራላይት አደጋና ማሳረፍ ጠይቁኝ

አልትራላይት የምንለው በጣም ቀላሏን ትንሽ አውሮፕላን ነው። የማበረው አሜሪካ ነው፤ መልሴም በዚያው አገር ሕግ ነው። ቀጥሉ።

ናሆም፦ ጋሼ፣ እውነት ያለ ፈቃድ ይበረራል?

መልስ፦ አዎ። አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ባዶ ክብደቱ ከ115 ኪሎ ያነሰ፣ ነዳጁ ከ19 ሊትር የማይበልጥ፣ ፍጥነቱም የተገደበ ከሆነ። ፈቃድ አልተጠየቅኩም ብላችሁ ግን ያለ አስተማሪ እንዳትነሱ።

ሜሮን፦ ገና እንደተነሳን ሞተሩ ቢጠፋስ?

መልስ፦ ይኸው፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው! መጀመሪያ አፍንጫውን ወደ ታች። ሬዲዮው ይቆይ፣ ማስነሻውም ይቆይ። ትልቁን አውሮፕላን ክብደቱ ትንሽ ያንደረድረዋል፤ ይሄ ግን ቱቦ፣ ሽቦና ሸራ ስለሆነ ሞተሩ ዝም ካለ ፍጥነቱ ወዲያው ያልቃል፣ እጅሽ ደግሞ መሬት ፈርቶ ስቲኩን (መሪውን) ወደ ራሱ ይስባል፣ ያኔ ስቶል ነው፣ ክንፉ አይሸከምሽም። ዝቅ ብለሽ ሳለሽ ወደ ሜዳው ለመመለስ አትዙሪ። 60 ዲግሪ አጋድለሽ ከፍታሽን ሳትለቂ ብትዞሪ ክንፉ ላይ ያለው ጭነት እጥፍ ይሆናል፤ ስቶል የሚመጣበት ፍጥነትም በ41 በመቶ ያድጋል። ፊት ለፊት ያለው ማሳ ላይ አሳርፊ፣ በቆሎም ቢሆን። ጎማው ይሰበር።

ዳዊት፦ ትራይክ ላይ እኮ፣ ከሸራ ክንፍ ሥር በተንጠለጠለው ባለ ሦስት ጎማ ላይ፣ የክንፉን ዘንግ ስትስብ ነው አፍንጫው የሚወርደው።

መልስ፦ ለዚህ ነው ሳቡ፣ ግፉ ሳልል አፍንጫ ያልኩት። ከስቲክ ወደ ትራይክ የሚዘዋወር ሰው መሬት ሲቃረብ እጁ በልማድ ተቃራኒውን ይሠራል። ከአስተማሪ ጋር ይጀምር።

የፒያሳ ልጅ፦ የጃንሆይ ጊዜዋ አውሮፕላን ፀሐይም አልትራላይት ነበረች አይደል?

ዳዊት፦ ኧረ ባክህ! ባለ ሁለት መቀመጫ፣ 115 የፈረስ ጉልበት!

የፒያሳ ልጅ፦ በ2016 ከጣልያን ስትመለስ ትንሽ መስላኝ ነዋ።

መልስ፦ ስለ ፀሐይ ሌላ ቀን ተከራከሩ።

አቤል፦ ሞተር ቢጠፋ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ለሜሮን የጻፍኩትን አንብብ። አፍንጫ፣ ፊት ለፊት።

ቢኒ፦ ዋጋው ስንት ነው? ደግሞስ አደገኛ ነው?

መልስ፦ ዋጋ ሻጭ ጠይቅ። አደገኛ ያልከው የቱ፣ በማን እጅ፣ በምን ነፋስ? አስተካክለህ ጠይቅ።

ሰሚራ፦ አዲስ አበባ ላይ ቢበረርስ?

መልስ፦ ፈቃዱን ሲቪል አቪዬሽን ጠይቂ። ቦሌ ግን 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ይደክማል፣ ለመነሳትም ረጅም ሜዳ ይፈልጋል። ስታርፊ የፍጥነት መለኪያው የለመድሽውን ቁጥር ያሳያል፣ መሬቱ ግን ከሥርሽ ፈጥኖ ይሮጣል። ፈጠንኩ ብዬ ነዳጅ ልቀንስ፣ አፍንጫ ላንሳ እንዳትዪ። ዓይንሽን ሳይሆን መለኪያውን እመኚ።

ናሆም፦ ፓራሹት ካለውስ ምን ያስፈራል?

መልስ፦ ለመዘርጋት ከፍታ ይፈልጋል። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ስቶል ካደረግክ ያ ከፍታ የለህም።