ጊንጥ የተለጠፈባት ቺንኴቼንቶ፦ ከአንባቢያን ለመኪና አምድ የቀረቡ ጥያቄዎች

የዚህ ወር ደብዳቤዎች በአብዛኛው ስለ ትንንሾቹ የጣልያን መኪኖች፣ በተለይም ቺንኴቼንቶ ስለምትባለው ፊያት 500 ናቸው፤ ይልቁንም «ስፔሻል ኤዲሽን» እየተባሉ ስለሚሸጡት። ዕድሜዬን በቶሪኖ ጋራዦች እነዚህኑ መኪኖች ስፈታና ስገጥም ስላሳለፍኩ መልሴ ረዘም ሊል ይችላል፤ አንባቢ ይታገሠኝ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ሮም ነው። የአሠሪዬ ጎረቤት የሆኑ አዛውንት በ1970 የተሠራች ፊያት 500 ኤል ሊሸጡልኝ ይፈልጋሉ። ቀይ ናት፤ ጎንና ጎኗ ላይ ነጭ መስመርና የአባርት ጊንጥ አለባት፤ ከኋላ «595» የሚል ተጽፎባታል። ስፔሻል ኤዲሽን ስለሆነች ብለው የጠየቁኝ ዋጋ የተራዋን እጥፍ ነው። አንድ መካኒክ ሞተሯን አይቶ 594 ሲሲ መሆኑን ነግሮኛል። ልግዛት ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ቀብድ ካልከፈሉ አይክፈሉ። መጀመሪያ መኪናዋን በደንብ እንያት።

594 ሲሲ መሆኑ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ተራ መኪና ወስዶ ያጠነክር የነበረው ካርል አባርት የቪየና ሰው ነው፤ ኮከቡ ዐቅራብ ስለነበር ጊንጥን ዓርማው አደረገ። በ1949 ድርጅቱን አቋቁሞ ቶሪኖ ላይ ሠራ፣ በ1963 ደግሞ የፊያት 500ን ሞተር ወስዶ 595ን አወጣ። የፒስተኑን ምት በ70 ሚሊሜትር እንዳለ ትቶ ሲሊንደሩን ከ67.4 ወደ 73.5 ሚሊሜትር አሰፋው፤ ካርቡራተሩን አሳደገ፣ ማርሚታውን ቀየረ። አሥራ ስምንት ፈረስ ጉልበት እንኳ የማትሞላው መኪና 27 ሆነች። ይህ በሊሚትድ ኤዲሽን ስም ከሚለጠፍ ቀለም ጋር የማይገናኝ እውነተኛ ሥራ ነው፤ ለዚህ ሥራ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ተገቢ ነው እላለሁ።

ችግሩ የመጣው በ1972 ነው። በዚያ ዓመት ፊያት 126ን ሲያወጣ ሞተሯ ያው በአየር የሚቀዘቅዝ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ስፋቱም ምቱም ልክ እንደ አባርቱ 73.5 በ70 ነበር። ሲሲውም ያው 594 ነው። የ126ን ሞተር አውርዶ 500 ላይ መጫን ጣልያን ውስጥ የተለመደ ሥራ ነው፤ መኪናዋም ትጠነክራለች፣ በዚህ ነውር የለም። ነውሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ጊንጥ ለጥፎ እጥፍ ዋጋ ሲጠየቅ ነው።

ስለዚህ መካኒክዎ ብሎኩ ላይ የተመታውን ቁጥር ያንብብልዎ። መነሻው «126 ኤ» ከሆነ ሞተሩ የ126 ዓይነት ነው፤ ክርክር የለውም። የተራዋ 500 ኤፍና የ500 ኤል መነሻ «110 ኤፍ» ነው። ይህ ከሆነና ሲሊንደሩ በእርግጥ ከሰፋ ምርመራውን መቀጠል ይገባል። ቀጥለው መኪናዋን ይንዷት። የ500 ካምቢዮ ሲንክሮናይዘር (ማርሹን አመሳስሎ የሚያስገባ ዕቃ) የለውም፤ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሲመልሱ ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ ካልረገጡና መሐል ላይ ነዳጅ ካልሰጡ ማርሹ ይጮኻል። ያለ ምንም ጩኸት ሸርተት ብሎ የሚገባ ከሆነ ካምቢዮውም ከ126 የመጣ መሆኑን ይጠርጥሩ። ከሥሯ «አባርት» የሚል ጽሑፍ በጉልህ የወጣበት የአሉሚኒየም ኮፓ (የሞተር ዘይት ማጠራቀሚያ) ቢያዩም ልብዎ አይሙቅ፤ ያ ኮፓ ዛሬም አዲስ እየተሠራ የሚሸጥ ዕቃ ነው።

ከብረቱ በላይ የሚመሰክረው ወረቀት ነው። ሽማግሌውን ሊብሬውን ብቻ ሳይሆን የቆዩ ደረሰኞችንም ይጠይቋቸው። አባርት በዘመኑ ሙሉ መኪና ብቻ አልነበረም የሚሸጠው፤ ተራ 500 ላላቸው ሰዎች የማሻሻያ ዕቃ በሣጥን አሽጎ ያቀርብ ነበር። በዚያ ዘመን ዕቃው የተገዛበትና የተገጠመበት ወረቀት ከተገኘ መኪናዋ ከፋብሪካ 595 ሆና ባትወጣም እንኳ የራሷ ታሪክ አላት፤ ዋጋዋም በመካከል ይሆናል። ከአውቶሞቢል ክለቡ መዝገብ ደግሞ ከመጀመሪያው ባለቤት እስከ ዛሬ ያለውን ዝውውር የሚያሳይ ማውጫ በትንሽ ክፍያ ያገኛሉ። «ለውድድር ያገለገለች ናት» የሚል ወሬ ካለ፣ የባለቤቶቹ ስም ዝርዝር ወሬውን ወይ ያጠናክረዋል ወይ ያፈርሰዋል።

ከሁሉ በላይ የምለምንዎት ግን ወለሉን እንዲያዩ ነው። የፊት ኮፈኑን ከፍተው ባትሪውን ያስወጡ። የ500 ባትሪ ከፊት ነው የሚቀመጠው፤ አሲዱ ዓመታት ሙሉ እየተንጠባጠበ ከሥሩ ያለውን ላሜራ ይበላዋል። ጥቁር ቀለም ወፍራም ሆኖ ተቀብቶበት ካገኙ በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ ያድርጉት፤ ጤነኛ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተበላው ደፈን ይላል፣ አንዳንዴም ቀለሙ ተሰንጥቆ ከሥሩ ስቱኮ ይወጣል። ከዚያ የወለሉን ምንጣፍ አንሥተው ከበሩ ሥር ያለውን ደፍ ከውስጥም ከውጭም በጣትዎ ይጫኑት። ደፉ ከተበላ መኪናዋ በክሪክ ስትነሣ በሯ አይዘጋም። ለአንድ ጥሩ ላሜራ ሠሪ ይህ የሳምንታት ሥራ ነው፤ ከሞተር እድሳት ይበልጥ ያስወጣል።

የኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ወለሏ ጤነኛ ከሆነና ወረቀት ከሌላት እንደ ኤል ገምተው ይግዟት። ኤል ራሷ እኮ በ1968 የወጣች የተዋበች ሞዴል ናት። ፓራውልቷ ላይ ተጨማሪ የኒኬል ቧንቧ አላት፤ ተራዋ የመጠባበቂያ ነዳጅ መብራት ብቻ ሲኖራት ኤል የነዳጅ መለኪያ አላት፤ ወንበሯም ወደ ኋላ ይተኛል። ሽማግሌው በኤል ዋጋ ከተስማሙ እሰየው። ካልተስማሙ ሮም ውስጥ ሌላ አይጠፋም። ደግሞ ዕድሜዋ ከ30 ዓመት በላይ ስለሆነ የየዓመቱ ቦሎ አያስጨንቅዎትም።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ሚላኖ ነን። በ2017 የተሠራች ያገለገለች ፊያት 500 ሪቫ አይተን ወደናታል፤ ባለ 0.9 ሊትር ትዊንኤር ሞተር ናት። ተመሳሳይ ዕድሜ ካላት ተራ 500 በሦስት ሺህ ዩሮ ትበልጣለች። ያዋጣል? ወደ አገር ቤት ስንመለስስ ይዘናት መግባት እንችላለን?

መልስ፦ ሪቫ ከ1842 ጀምሮ በኢዜኦ ሐይቅ ዳር ሳርኒኮ ላይ ጀልባ የሚሠራ ቤት ነው። በ2016 ከፊያት ጋር ያወጡት ይህ 500 ከዘመናዊዎቹ ስፔሻል ኤዲሽኖች መካከል እኔ የምወደው ነው፤ ምክንያቱም ዳሽቦርዱ እውነተኛ የማሆጋኒ እንጨት ነው፣ በሜፕል ቀጫጭን መስመር የተለበጠ። የምሽት ሰማይ የመሰለው ሰማያዊ ቀለምና ዝሆን ጥርስ የመሰለው የቆዳ ወንበርም አብረው ያምራሉ። በ2011 ከጉቺ ጋር የወጣውን፣ አረንጓዴና ቀይ ጥለት የለበሰውን፣ ከሱ ጋር ሳወዳድር የሪቫው ሥራ ጠለቅ ያለ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ከኮፈኑ ሥር ግን ያው ተራው 500 ነው። ስለዚህ ሦስት ሺህ ዩሮ የምትከፍሉት ለእንጨቱና ለቆዳው መሆኑን አውቃችሁ ክፈሉ። በዚያ ዋጋ እንጨቱ እንከን የለሽ መሆን አለበት። በጠራራ ፀሐይ የኖረች ከሆነ ቫርኒሹ ከመስታወቱ ሥር ባለው ጠርዝ ላይ ይሰነጣጠቃል፤ በእጅ ባትሪ አግድም አብርታችሁ እዩት። ይህን ዕቃ አዲስ መግዛት ከባድ ነው፤ መጠገንም የአናጺ እንጂ የመካኒክ ሥራ አይደለም።

ትዊንኤር ላይ ዋናው ጥያቄ ዘይት ነው። የባልቦላዎቹን አከፋፈት የሚቆጣጠረው በሞተር ዘይት ግፊት ነው፤ ለዚያም ትንሽ ወንፊት አለችው። ዘይት በጊዜው ካልተቀየረ ወንፊቷ ትደፈናለች፣ ሞተሩም ይንገጫገጫል፣ የብልሽት መብራት ያበራል። የሰርቪስ መዝገብ ካልቀረበላችሁ ባለ 1.2 ሞተሯን ፈልጉ፤ ቀለል ያለችና የትም የምትጠገን ናት።

ይዞ ስለመግባቱ፦ ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክላለች። ስለዚህ ሪቫዋን ለጣልያን ኑሯችሁ ብቻ ግዟት።

ጥያቄ፦ ዱባይ የምኖር ወጣት ነኝ። አንድ የመኪና ትርዒት ላይ በር የሌላት፣ ወንበሯ በሰንበሌጥ የተሠራ የሚመስል፣ ጣሪያዋ ዘርፍ ያለው ጨርቅ የሆነ ትንሽ ፊያት አየሁ። ዋጋዋን ስሰማ ደነገጥኩ። ምንድን ናት? እንዲህ ዓይነት ማሠራት እችላለሁ?

መልስ፦ ያየሃት ጆሊ ናት። የቶሪኖው የመኪና አካል ሠሪ ጊያ ከ1958 ጀምሮ ፊያት 500ንና 600ን እየወሰደ ጣሪያና በር አንሥቶ የሠራት የባሕር ዳርቻ መኪና ናት። ሀብታሞች ከመርከባቸው አውርደው ከወደቡ እስከ ምሳ ቤት ይነዷት ነበር። ጥቂት ስለተሠሩ፣ ከነዚያም ብዙዎቹ በባሕር ጨው ስላለቁ፣ በጨረታ ላይ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ የወጣባቸው አሉ።

ማሠራቱን በተመለከተ አትሞክረው። ጣሪያና በር የመኪናዋን አካል ቀጥ አድርገው የያዙ ናቸው። ጊያ እነሱን ሲያነሣ ደፉንና ወለሉን አጠናክሮ ነው። አሁን በየቦታው የሚቆረጡት ብዙዎቹ ይህ አልተደረገላቸውም፤ ሁለት ሰው ኋላ ሲቀመጥ መሐሏ ይለምጣል። ለቀበቶ ማሰሪያ የሚሆን ጠንካራ ቦታም የላቸውም። የጆሊን መልክ ከወደድክ ፊያት በ2018 ስፒያጂና 58 የተባለችውን አውጥቷል፤ 1,958 ብቻ ነው የተሠራው፣ ሰማያዊ ሆና ወገቧ ላይ ነጭ መስመር አላት፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ጨርቅ ነው፣ በርም ቀበቶም ኤርባግም አላት። አንተ ባለህበት ሙቀት ያገለገለች ስትገዛ የጨርቁን ስፌትና የኋላ መስታወቱን ዙሪያ አጥብቀህ እይ።

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከአዲስ አበባ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና አባቴ ታክሲ የሠሩባት ሰይቼንቶ (ፊያት 600) ግቢያችን ውስጥ በሸራ ተሸፍና ቆማለች። ከላይ ነጭ ከታች ሰማያዊ እንደሆነች ነው። ላድሳት አስቤአለሁ። ልጆቼ ግን አባርት አስመስለህ፣ ቀይ ቀብተህ፣ የኋላ ኮፈኗን ክፍት አድርገህ ሥራት ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አባትዎን ነፍስ ይማር። ልጆችዎ የሚሉት መኪና በእርግጥ ነበረ። አባርት ከ600 ተነሥቶ 850 ቲሲን ከዚያም 1000 ቲሲን ሠርቷል፤ የውድድር መኪኖቹ የኋላ ኮፈናቸውን ከፍተው መሮጣቸው ሞተሩ አየር እንዲያገኝ ነው። እርስዎ ግን አዲስ አበባ ነዎት። በዚያ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የሰይቼንቶ ራዲያተር ደግሞ ከኋላ ከሞተሩ ጎን ተወትፎ ያለ ነው። የሞተሩን ጉልበት ከጨመሩ ሙቀቱ አብሮ ይጨምራል፣ ቴስታታውም ይጣመማል። አየሩም ስስ ስለሆነ ሞተሩ ጉልበቱን ወደ ሩብ ያህል አስቀድሞ አጥቷል፤ በአባርት ዕቃ የሚያወጡት ገንዘብ ዳገት ላይ የሚጠብቁትን አይሰጥዎትም።

የኔ ምክር ታክሲ እንደሆነች ያድሷት ነው። ሰማያዊና ነጯ ሰይቼንቶ በጣልያን ካታሎግ የለችም፤ የአዲስ አበባ መንገድ የሠራት ናት፤ እንዲህ ሆና የተረፈች አንዲት መኪና ማየት ለኔ ከአሥር የተቀባቡ አባርቶች ትበልጥብኛለች። ቀለሙን ሳያስፍቁ በፊት ከበሩ ውስጠኛ ጠርዝና ከወንበሩ ሥር ያልተነካ ቦታ ፈልገው የሰማያዊውን ትክክለኛ ልክ ያስወስዱ። በበሩ ላይ የታክሲ ቁጥር ካለ በፎቶ ያስቀሩት፤ ጽሑፉንም በእጅ የሚጽፍ ሰው ይፈልጉ።

ዕቃ እንዳያስጨንቅዎ። መጀመሪያ የትኛዋ እንደሆነች ይለዩ፦ ሰይቼንቶ በ1955 ስትወጣ 633 ሲሲ ነበረች፣ ከ1960 ጀምሮ ያለችው 600 ዲ 767 ሲሲ ናት። በሯ ማጠፊያው ከኋላ ሆኖ ወደ ኋላ የሚከፈት ከሆነ ከ1964 በፊት የተሠራች ናት። በስፔን ሴያት እስከ 1973፣ በቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ ዛስታቫ እስከ 1985 ድረስ ይህችኑ መኪና ሲሠሩ ስለኖሩ ጉሚኒ፣ የፍሬን ሲሊንደር፣ የውኃ ፓምፕና ጋርኒሲዮን ዛሬም ከሦስቱም አገር ይገኛል። ራዲያተሩን አስፈትተው ያስጠርጉት፣ ቱቦዎቹን በሙሉ ይቀይሩ። ሞተሩን ለዓመታት ካልዞረ በሞተሪኖ እንዳያስነሡት፤ ካንዴላዎቹን አውጥተው በየቀዳዳው ትንሽ ዘይት ያፍስሱ፣ አንድ ቀን አሳድረው በእጅ ቀስ ብለው ያዙሩት። የሻንሲ ቁጥሩንና የሞተሩን ቁጥር ፎቶ አንሥተው በዚህ አምድ ይላኩልኝ፤ የሚያስፈልግዎትን የጋርኒሲዮን ዓይነት ከዚህ አጣርቼ እጽፍልዎታለሁ።