የእንግሊዝኛው «ኒድ» ኬውን የት ጣለው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳየው ደስ አለኝ። «ሊጥ ማሸት በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በኬ ይጀምራል፤ ሲነበብ ግን መፈለግ ከሚለው ቃል ጋር አንድ ነው፣ ሁለቱም ‹ኒድ›። ኬው ምን ይሠራል? ቃላቱስ ዘመድ ናቸው?» ብለሻል።

ዘመድ አይደሉም። የመፈለጉ «ኒድ» የሚዛመደው ከጀርመንኛው «ኖት» ጋር ነው፤ ችግር ማለት ነው። ድሮም ኬ አልነበረውም። የሊጡ ግን ነበረው፣ ይነበብም ነበር።

እኔ ነገሩ የገባኝ ጀርመን አገር ዳቦ ቤት ስሠራ ነው። በመጀመሪያው ሌሊት ዋናው ጋጋሪ ሊጡን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገና «ክኔተን!» አለኝ። ክ እና ኔ ጥርት ብለው ተሰሙ። ከዚያ በመዳፉ ሥር ገፋው፣ አጠፈው፣ ትንሽ አዞረው፣ ደግሞ ገፋው። ለካ ያው የእንግሊዝኛው ቃል ነው! ሆላንዶች «ክኔደን»፣ ስዊድኖች «ክኖዳ» ይላሉ። እንግሊዞችም እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ኬውን ይጠሩት ነበር። «ናይፍ» (ቢላ) ላይ ያለው ኬም አብሮ ነው የጠፋው። ድምፁ ሄደ፣ ፊደሉ ቀረ።

እርባታውም ደስ ይላል። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ክኔዳን» ማሸት ነው፤ «ክናድ» አሸ፣ «ክኔደን» ደግሞ የታሸ። እንደኛው «ሰበረ፣ ሰባሪ፣ ስብር» ውስጡ ይለዋወጣል። በኋላ «ክኖደን» የሚሉም ነበሩ፤ ዛሬ መርገጥ የሚለው ግስ «ትሬድ፣ ትሮድ፣ ትሮደን» እንደሚባለው ማለት ነው። ያኛው መልኩን ጠበቀ፤ የሊጡ ግን መጨረሻው ላይ ድምፅ መጨመር ብቻ ሆነ፣ «ኒድድ»። ጀርመኖችም እንዲሁ «ክኔተተ» ይላሉ፤ ድሮ «ክናት» ነበር።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ብዙ ሰው ቃሉን «ማቡካት» ብሎ ይተረጉመዋል። እኔ አልስማማም። የሩሲያኛው ዘመዱ «ግኔስቲ» መጫን፣ መጨፍለቅ ማለት ነው። የቃሉ ጉልበት እጁ ላይ ነው ያለው። እኛ ስናቦካ ዱቄቱን በውኃ ለውሰን፣ እርሾ ጨምረን እንተወዋለን፤ ሥራውን የሚጨርሰው እርሾው ነው። ያ ጋጋሪ ሲያደርግ ያየሁት ግን ማሸት ነው። ስትተረጉሚ «ማሸት» በይው፤ የምግብ አሠራር ከሆነማ የግድ ነው፣ አለበለዚያ አንባቢሽ ሊጡን ሳያሸው ያሳድረዋል።