የእጅ ድምፅ መቅጃ፦ ጠይቁ፣ ልመልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ምርጡ መቅጃ የትኛው ነው?

መልስ፦ ለምን ሥራ? ሙዚቃ ነው ንግግር? ቤት ውስጥ ነው ውጭ? ይህን ሳትነግሩኝ መልስ የለኝም።

ጥያቄ፦ የመዘምራን ልምምድ እቀዳለሁ። ለስለስ አድርገው ሲዘምሩ የክፍሉ ሹክሹክታ ሁሉ ጎልቶ ይገባል፤ ድምፃቸውን ሲለቁ ደግሞ ወደ ኋላ ይሰምጣል። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ መሣሪያው ጤነኛ ነው። ጥፋቱ የአውቶ ሌቭል ነው፤ የሚቀዳውን ድምፅ መጠን (ሌቭሉን) መሣሪያው ራሱ የሚያስተካክልበት ስልት ማለት ነው። ዝምታ ሲሰማ ሌቭሉን ራሱ ከፍ ያደርጋል፣ ጉልህ ድምፅ ሲመጣ ይጫነዋል፤ ዘማሪዎቹ ለፍተው ያመጡት የለሆሳስና የጉልህ ልዩነት ይጠፋል። አጥፋው። ከዚያ ከመዝሙሩ ኃይለኛውን ክፍል አስቀድመህ አስዘምርና ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ (መሣሪያው ሊይዝ ከሚችለው የመጨረሻ ከፍታ) በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲቆም በእጅህ አስተካክል። በዝግጅቱ ዕለት ከልምምዱ ይልቅ ይጮኻሉ፤ ክፍተቱ ለዚያ ነው። በ24 ቢት (ለስላሳውን ድምፅ ሳይቀር በጥራት በሚይዘው የቀረጻ ዓይነት) እስከቀዳህ ድረስ ዝቅ ብሎ የተቀዳውን በኋላ ማጉላት ቀላል ነው። ዜሮን ያለፈው ግን ጫፉ ተቆርጧል፤ የሄደውን የሚመልስ የለም።

ጥያቄ፦ መቅጃው 32 ቢት ፍሎት የሚባለው የቀረጻ ዓይነት ካለው ሌቭል መጠበቅ ቀረ ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ ለሌቭል ብቻ እውነት ነው። እንደ ዙም ኤፍ3 ያሉት መቅጃዎች በ32 ቢት ፍሎት ሲቀዱ ዜሮን ያለፈውን በኋላ ዝቅ አድርጎ ማዳን ይቻላል። ማይኩ ራሱ ከአቅሙ በላይ ተጨንቆ የተሰባበረ ድምፅ ግን እንደተሰባበረ ይቀራል። ከሁሉ በላይ ርቀትን የሚጠግን ቢት የለም፤ ይህን ደጋግሜ የምለው ብዙ ሰው ገንዘቡን መሣሪያ ላይ አፍስሶ መቅጃውን ጠረጴዛው ዳር ስለሚተወው ነው። ክፍት ቦታ ላይ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የድምፁ መጠን በ6 ዴሲቤል ይወርዳል። ክፍል ውስጥ ደግሞ በቀጥታ የሚመጣው ድምፅ ሲወርድ ማስተጋባቱ ያን ያህል አይቀንስም፤ ስለዚህ ስትርቁ የምትቀዱት ሰውየውን ሳይሆን ግድግዳውን ነው። ለንግግር ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል፣ ትንፋሽ በቀጥታ እንዳይመታው ወደ ጎን ጋደል አድርጉ። ለጊታር ወደ 30 ሴንቲሜትር፣ አንገቱ ከሣጥኑ ወደሚገናኝበት አቅጣጫ፤ ቀዳዳው ፊት ካስቀመጣችሁት ወፍራሙ ድምፅ ሌላውን ይውጠዋል። ለመዘምራን በማቆሚያ ከራስ በላይ ከፍ አድርጉ፤ አለዚያ የፊተኛው መስመር ብቻ ይሰማል።

ጥያቄ፦ የታስካም መቅጃዎች የዲአር-05ኤክስ እና የዲአር-07ኤክስ ልዩነት?

መልስ፦ የ05ቱ ማይኮች ከየአቅጣጫው ይሰማሉ፤ የ07ቱ የዞሩበትን ያስቀድማሉ፣ ማዕዘናቸውም ይስተካከላል። ክፍሉ የሚያስተጋባ ከሆነ 07።

አንድ አባል፦ እኔ ሁሉንም በ96 ኪሎኸርትዝ፣ ማለትም ድምፁ በሰከንድ 96 ሺህ ጊዜ እየተለካ ነው የምቀዳው። ጥራቱ ይለያል።

ሌላ አባል፦ በምን ጆሮ? የሰው ጆሮ እስከ 20 ኪሎኸርትዝ ገደማ ነው የሚሰማው፤ በ48 ኪሎኸርትዝ መቅዳት ደግሞ እስከ ግማሹ፣ እስከ 24 ይይዛል።

የመጀመሪያው፦ የወፍ ድምፅ ቀድተህ አዘግይተህ ብታዳምጠው እንዲህ አትልም።

ሁለተኛው፦ ጠያቂዎቹ መቼ ስለ ወፍ አነሡ?

መልስ፦ እዚህ ላይ ይብቃ። ለማዘግየት 96 ይጠቅማል፤ ለሌላው 48 ይበቃል። በ24 ቢት ስቴሪዮ 48ቱ በሰዓት 1 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል፣ 96ቱ እጥፉን። ወደ ጥያቄያችን።

ጥያቄ፦ ውጭ ስቀዳ የነፋሱ ጩኸት ይገባል፤ ማይኩ ላይ ስፖንጅ አልብሼዋለሁ።

መልስ፦ ስፖንጁ ለትንፋሽ ነው። ለነፋስ ፀጉራሙን ሽፋን አልብሱት።

ጥያቄ፦ የባትሪ ምክር?

መልስ፦ ከቀረጻ በፊት አዲስ አስገቡ፤ መካከል ላይ ቢያልቅ ፋይሉ በትክክል ሳይቀመጥ ሊቀር ይችላል።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ግን በጥቅሉ ምርጡ የቱ ነው?

መልስ፦ ይህ ከላይ ተጠይቆ ተመልሷል። ሥራውን ሳትናገሩ ስም አልጠራም።

ጥያቄ፦ ጫጫታ ባለበት ቦታ ቃለ መጠይቅ አለኝ። አውቶ ሌቭል ልጠቀም? ጫጫታውን በኋላ በሶፍትዌር አጸዳዋለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ እዚያማ ጨርሶ አይሆንም። እንግዳው ትንፋሽ ለመውሰድ ዝም ባለ ቁጥር መሣሪያው ጫጫታውን ጎትቶ ያመጣዋል፤ ከፍ ዝቅ የሚል ጫጫታ ደግሞ ለሶፍትዌርም አስቸጋሪ ነው። አጥፊው፣ የክራቫት ማይክ ደረቱ ላይ ሰክተሽ ከመቅጃው ጋር አገናኚ፣ ከመጀመርሽ በፊት አንድ ደቂቃ ቀድተሽ በጆሮ ማዳመጫ ስሚው።