ዘይቱ እየፈሰሰ መጠኑ የማይጎድለው ትራክተር

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። አባትሽ ባለፈው ጥር ያገለገለ ማሲ ፈርጉሰን 290 ትራክተር ገዙ። ከሞተሩና ከካምቢዮው መጋጠሚያ ሥር ጥቁር ዘይት ይንጠባጠባል፤ ጠዋት ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፤ ማረሻውን ሲጎትት ጉልበት ያንሰዋል። መካኒኩ ደግሞ «ሞተሩ ወርዶ ይከፈት» ብሏል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሁሉ ያወሩት ስለ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ ስለሚያግደው ማሸጊያ) ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን መጨረሻ ላይ እንደ መልካም ዜና አድርገሽ የጻፍሻት ነገር ናት፦ ዘይቱ ቢፈስም በመለኪያው ዘንግ ላይ አልጎደለም፣ እንዲያውም ትንሽ ከፍ ብሏል ያልሻት።

የሚፈስ ዘይት መጉደል አለበት። ካልጎደለ የሚሞላው ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ውሃ ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ወተት እንደ ገባበት ቡና ይነጣ ነበር። ጥቁር ነው ብለሻልና የምጠረጥረው ናፍጣ ነው። ስለዚህ ይህ እስኪጣራ ድረስ ትራክተሩን አታስነሡት። አባትሽ የጀመሩት እርሻ እንዳለ ይገባኛል፣ ግን ሁለት ቀን ይታገሡ።

ናፍጣ የገባበት ዘይት ይቀጥናል። የቀጠነ ዘይት ብሮንዚናዎቹን (ክራንክ ሻፍቱ የሚዞርባቸውን መቀመጫዎች) ከክራንክ ሻፍቱ ለይቶ መያዝ አይችልም፤ ብረት ከብረት ይፋተጋል፤ ያኔ በእርግጥም ሞተሩ ይወርዳል። ሌላው ከዚህ የባሰ ነው። መጠኑ ከልክ ያለፈ ቀጭን ዘይት በፋሻዎቹ (በፒስተኑ ዙሪያ ባሉት ቀለበቶች) በኩል ወደ ላይ ይወጣና ሞተሩ የራሱን ዘይት ማቃጠል ይጀምራል። እንዲህ የሆነ የናፍጣ ሞተር ማጥፊያው ቢሳብም አይጠፋም፤ ፍጥነቱ እየጨመረ ሄዶ ራሱን ይሰብራል። ድንገት ቢያጋጥማችሁ የሚያቆመው አየር መከልከል ብቻ ነው፦ የአየር መሳቢያውን አፍ በወፍራም ጣውላ መድፈን። በእጅ በፍጹም አይሞከርም።

አሁን ወደ ማጣራቱ። መለኪያውን ዘንግ አውጥተሽ አንድ ጠብታ ዘይት በጋዜጣ ወረቀት ላይ ጣይና ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። ናፍጣ ያልገባበት የሞተር ዘይት ጥቁር ሆኖ ባለበት ይቆያል፤ ናፍጣ ካለበት በጥቁሩ ዙሪያ ሰፋ ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀለበት ይሠራል። አሽትቺውም። ከዚህ የሚበልጠው ፈተና ግን ሌሊት የሚሠራው ነው። በ290 ላይ የናፍጣው ታንክ ከሞተሩ በላይ፣ ከኮፈኑ ሥር ስለሆነ ትራክተሩ ቆሞም ናፍጣው በራሱ ክብደት ወደ ታች ይገፋል። አንድ ሌሊት ከታንኩ ሥር ያለውን ቧንቧ ከፍታችሁ አሳድሩትና ማታና ጠዋት የዘይቱን ልክ በዘንጉ ላይ በምስማር ጫር አድርጋችሁ ምልክት ያዙ። በማግሥቱ ሌሊት ቧንቧውን ዘግታችሁ ድገሙት። ክፍት ባደረበት ሌሊት ብቻ ከጨመረ ወንጀለኛው ተያዘ።

አብዛኛውን ጊዜ ወንጀለኛዋ ከሞተሩ ጎን ያለችው፣ ናፍጣ ከታንኩ ስባ ወደ ፊልትሮው የምትልከው ትንሿ ፖምፓ ናት። በውስጧ ስስ የላስቲክ ሽፋን አለ፤ ሲያረጅ ይቀደዳል፤ ናፍጣው በቀዳዳው አልፎ ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ውስጥ ይወርዳል። አየሽ፣ የጻፍሻቸው ሦስት ችግሮች ከአንድ ቦታ ሊመጡ ይችላሉ። ፖምፓዋ በሚገባ ስለማትልክ ጉልበት ያንሳል፤ ዘይቱ ቀጥኖ ስለበዛ ሰማያዊ ይጨሳል፤ ያው የቀጠነ ዘይት ደኅና ዘይት የሚያግደውን ኦይል ሲል አልፎ ይንጠባጠባል። በእርግጥ ሦስቱም ከዚያ ናቸው ብዬ አልምልም፤ ትራክተሩን አላየሁትም። ነገር ግን በሁለት ቁልፍ ወርዳ በአንድ ሰዓት የምትፈተሽ ዕቃ እያለች ሞተር አይወርድም።

ፖምፓዋን ፍቺና በመግቢያዋ ላይ አጭር ጎማ ሰክተሽ ጫፉን ናፍጣ ባለበት ጀሪካን ውስጥ ክተቺ፤ ከዚያ የእጅ ማንሻዋን ደጋግመሽ ግፊ። ወደ ሞተሩ በሚገባው ክንድ በኩል ናፍጣ ከተንጠባጠበ ላስቲኩ ተቀዷል። ስትመልሷት ጓርኒሲዮኗ (በመጋጠሚያዋ ላይ ያለው ማሸጊያ) አዲስ ይሁን፤ ክንዷ በትክክል ካልተቀመጠ በቡሎን ኃይል አስገድዳችሁ አትጎትቷት፣ ሞተሩን በእጅ ትንሽ አዙሩት። (የእጅ ማንሻዋ ተገጥማም ሳለ ምንም አልንቀሳቀስ ካለች ምክንያቱ ይኸው የሞተሩ አቋቋም ነው፤ ብዙ ሰው ተበላሸች ብሎ ይጥላታል።) ከዚያ አየሩን ማስወጣት አለ፦ መጀመሪያ ከፊልትሮው፣ ቀጥሎ ከኢንጀክሽን ፖምፓው፣ በመጨረሻ ወደ ኖዝሎቹ (ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ ወደሚረጩት) ከሚሄዱት ቱቦዎች። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ባትሪ እስኪያልቅ ሲያስነሡ መዋል ነው።

ትንሿ ፖምፓ ጤነኛ ከሆነች ቀጣዩ ተጠርጣሪ የኢንጀክሽን ፖምፓው ዘንግ ሲል ነው። እሱን ሜዳ ላይ አትንኩት፤ መፈተኛ ማሽን ወዳለው ባለሙያ ይሂድ። የሚያንጠባጥብ ኖዝልም ናፍጣ ወደ ታች ሊያወርድ ይችላል፤ ይህኛው ግን በነጭ ጭስና በተንኳኳ ድምፅ ይታወቃል።

ምክንያቱ ሲገኝ ዘይቱም ፊልትሮውም ይቀየሩ፤ ትናንት የተቀየረ ቢሆን እንኳ። ሻጩ የጨመረው ምን እንደሆነ ማን ያውቃል? ጭስና ኳኳታ ለመደበቅ የካምቢዮ ዘይት ቀላቅለው የሚሸጡ አጋጥመውኛል። ሞተሩ በናፍጣ ታጥቦ አዲስ ቀለም ከተቀባ ደግሞ ሰውየው ሊያሳየኝ ያልፈለገው ነገር አለ ብዬ ነው የምጀምረው።

አሁን ስለ ፍሳሹ፤ እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። እኔ ኢተያ አካባቢ ስንዴ አርሳለሁ። በ2005 ዓ.ም. እንደ አባትሽ ያገለገለ 290 ገዛሁ፤ እንደ እናንተው ከመጋጠሚያው ሥር ይንጠባጠብ ነበር። መካኒክ ጠራሁ፤ «የኋላው ኦይል ሲል ነው» አለ፤ ዕውነቱን ነበር። ለዚያ ሲል ሲባል ትራክተሩ ከመሃሉ ለሁለት መከፈል አለበት፣ ሌላ መንገድ የለውም። መጋቢት ላይ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሲያርስ፣ የእኔ ትራክተር ግቢዬ ውስጥ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ሦስት ሳምንት ተቀመጠ። ተገጠመ። በዘጠነኛው ቀን ይንጠባጠብ ጀመር። እኔም አልተማርሁም፤ መካኒኩን ረግሜ ሌላ መካኒክ ጠርቼ እንደገና አስከፈልሁት። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ።

ሁለተኛውም ሲል መትፋት ሲጀምር አንድ በመንግሥት እርሻ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ጡረተኛ መካኒክ ሊያዩት መጡ። ቁልፍ እንኳ አልያዙም። ሞተሩን አስነሡና የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው አፉ ላይ ፌስታል አደረጉ፤ ፌስታሉ ወዲያው እንደ ፊኛ ተነፋ። ከዚያ ሞተሩን አስጠፍተው የመተንፈሻውን ቱቦ ፈቱና በአፋቸው ነፉት። ምንም አላለፈም። ሽቦ ቢከቱበት ደረቅ ጭቃ ረገፈ፤ ተርብ ቤቷን ሠርታበት ኖሯል። ሞተር መተንፈሻው ሲደፈን በውስጡ የሚጠራቀመው ግፊት መውጫ ይፈልጋል፤ ደካማው በር ደግሞ ኦይል ሲሉ ነው። አዲስም ሲል ብትገጥሚለት ይገፋዋል። እኔ ሁለት ጊዜ የገዛሁት የተርቧን ቤት ዋጋ ነበር። ሽማግሌው ቡና ጠጥተው ሄዱ፤ ገንዘብ አልተቀበሉም።

ስለዚህ የናፍጣው ጉዳይ ተጣርቶ ዘይቱ ከተቀየረ በኋላ፣ ሲሉን ከመንካታችሁ በፊት መተንፈሻውን አስቀድማችሁ እዩ። ንጹሕ ሆኖም ፌስታሉ በኃይል ከተነፋ ፋሻዎቹ አልቀዋል ማለት ነው፤ ቀስ ብሎ እፍ እፍ ካለ ግን በዚህ ዕድሜው የሚጠበቅ ነው።

ከዚያ ደግሞ የሚፈሰው የየትኛው ዘይት እንደሆነ ለዩ። ከመጋጠሚያው ቤት ሥር ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ የተሠራችው ሆን ተብሎ፣ የፈሰሰው ዘይት ፍሪሲዮኑን እንዳያርስ ነው፤ አንዳንዱ ሰው «ፈሰሰብኝ» ብሎ ይደፍናታል፣ አደራ እንዳትደፍኗት። ከሥሯ ነጭ ካርቶን አንጥፉ። ጥቁርና ቀጭን ከሆነ ከሞተሩ ነው። ቢጫ፣ ወፈር ያለና የሚከረፋ ከሆነ ከካምቢዮው የፊት ሲል ነው፤ ያኔ ሞተሩ ምንም አላጠፋም። ጥቁር ሆኖም የኋላው ሲል ላይሆን ይችላል፤ ከቫልቭ ሽፋኑ ወይም ከዘይት ፊልትሮው መቀመጫ ፈስሶ በሞተሩ ጀርባ ወርዶ እዚያው ቦታ ይንጠባጠባል። ሞተሩን በሳሙና አጥቡት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ የስንዴ ዱቄት ነስንሱበትና ሩብ ሰዓት አስነሡት። ዘይቱ መንገዱን በዱቄቱ ላይ ይጽፍላችኋል። ባለቤቴ ለዚህ የወሰድሁባትን ዱቄት እስከ ዛሬ ታነሣብኛለች።

ይህን ሁሉ አልፎ ጥፋቱ የኋላው ሲል ሆኖ ከተገኘ ትራክተሩ ይከፈል። ሥራው ሲጀመር አንድ ነገር ቆማችሁ ተቆጣጠሩ፦ የፊት አክስሉ በመሃል ምሶሶ ላይ የሚወዛወዝ ስለሆነ በግራም በቀኝም የእንጨት ሽብልቅ ካልተመታበት ሞተሩ ሲለቀቅ ወደ ጎን ይገለበጣል። ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ ከካምቢዮው ሥር ጠንካራ ግንድ ይግባ፣ የኋላ ጎማዎቹም ድንጋይ ይደረግላቸው።

በድሮዎቹ የፐርኪንስ (የ290 ሞተር ሠሪ) ሞተሮች ላይ የኋላው ሲል ጎማ ሳይሆን ለሁለት የተከፈለ ገመድ ነው። መጀመሪያ ሁለቱ ጫፎቹ በቦታቸው ይቀመጣሉ፤ ቀሪው ከመካከሉ ተጀምሮ ወደ ጫፎቹ እየተጠቀጠቀ ይገባል፤ ጫፎቹ ከቤቱ ጠርዝ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ በማይሞላ ልክ ብቅ ብለው ይቀራሉ፣ ሁለቱ ግማሾች ሲገናኙ እንዲጨቋቆኑ። አስተካክላለሁ ብሎ ጠርዙ ድረስ የሚቆርጠው መካኒክ ከአንድ ወር በኋላ ተመልሶ ይጠራል። ሲልኮን ደግሞ በጣት ጫፍ ብቻ። ኮፓውን እንደ ኬክ የሚቀቡት አሉ፤ ትርፉ ወደ ውስጥ ይጨመቅና ተቆርሶ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል። አንዴ ከተከፈለ የካምቢዮው የፊት ሲልና የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ በዚያው ይቀየሩ፤ ዕቃው ርካሽ ነው፣ ውዱ መክፈሉ ነው።

ስለ ጭሱ ብዙ አልልም። ናፍጣ አለመግባቱ ከተረጋገጠ፣ ጠዋት ታይቶ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ሰማያዊ ጭስ በቫልቭ ዘንጎቹ ዙሪያ አልፎ የሚንጠባጠብ ዘይት ነው፣ ለዓመታት ያሠራል። ማረሻው መሬት ሲገባ የሚብስ ከሆነ ግን ፋሻ ነው። ትራክተራችሁ ባለ ዘይት የአየር ማጣሪያ ካለው፣ ሳህኑ ከምልክቱ በላይ ተሞልቶ እንደሆነ እዩ፤ ሞተሩ ዘይቱን ምጎ ይጨሳል፤ ሰውም ፋሻ አለቀ ይላል። ዳገት ላይ ስለሚወጣው ጥቁር ጭስ አትጨነቂ። እናንተ ያላችሁበት ዶዶላ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ናፍጣውን የሚያቃጥልበት አየር ያንሰዋል።

መቼ ነው በእርግጥ ሞተር የሚከፈተው? እኔ የምሄድበት በዘይት ግፊት ነው። አዲሱ ዘይት ገብቶ ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ፣ በሙሉ ፍጥነት ከ30 እስከ 60 ፒ.ኤስ.አይ. (ጌጁ ላይ PSI ተብሎ የሚጻፈው የግፊት መለኪያ) ማሳየት አለበት። በዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ያረጀ ጌጅ አትመኑ፤ በቀጥታ ሞተሩ ላይ የሚገጠም ጌጅ ከመካኒክ ይዋሱ። ከ30 በታች ከሆነ፣ ወይም በወረደው ዘይት ውስጥ በፀሐይ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለ፣ ብሮንዚናው ተበልቷል፤ መካኒኩ ልክ ነበር። ሁለቱም ከሌሉ «ይውረድ» ያለውን ሰው በትሕትና አሰናብቱት። ከዚያ በኋላ በየ200 እና 250 ሰዓቱ መካከል ዘይት ይቀየር። በእርሻ ወቅት በቀን አሥር ሰዓት ሲሠራ ይህ አንድ ወር እንኳ አይሞላም፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው በወር ስለምንቆጥር ነው።

ዛሬ ማታ ቧንቧው ክፍት ይደር፣ ነገ ማታ ይዘጋ። ሁለቱን የጠዋት ምልክቶችና የካርቶኑን ፎቶ እዚሁ ላኪልኝ፤ ፖምፓዋን ለማስፈታት የምትቸገሪ ከሆነ ከተገጠመችበት ጎን አንድ ፎቶ ጨምሪበት።