ታኅሣሥ 30

ልጆቼ፣ ስለ ገና የሚጽፍ ሞልቷል። እኔ የምጽፍላችሁ ስለ ማግሥቱ ነው።

ሐዋሳ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቻለሁ፤ ያን ቀን በደንብ አውቀዋለሁ። ቄጤማው ጠውልጓል። ትናንት "እንኳን አደረሰሽ" ያለኝ የባጃጅ ሹፌር ዛሬ በመልስ ይጨቃጨቀኛል።

አንድ ዓመት የገናን ሌሊት ቅዱስ ገብርኤል አደርኩ። ጧፍ ይዤ፣ ስዘምር ነጋ። ልቤ ሞልቶ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ተረኛ ነኝ። የማታዋ ልጅ ርክክቡን በጥድፊያ አድርጋ ሄደች፤ እዚያው ንድድ አልኩ። ከገጠር የመጣች እናት የልጇን መድኃኒት ሰዓት ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ደግማ ጠየቀችኝ። በሦስተኛው "ነገርኩሽ እኮ!" ብዬ ጮህኩባት። አንገቷን ደፋች። ጸጉሬ እኮ ገና ዕጣን ዕጣን ይሸት ነበር!

ሌሊቱን ሙሉ የዘመርኩት ደስታ በአንድ ቀን የት ገባ? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ።

የሉቃስን ወንጌል ምዕራፍ 2 አንብቡት። መልአኩ "ታላቅ ደስታ" ብሎ ያበሰረው መንጋቸውን በሌሊት ለሚጠብቁ እረኞች ነው። የማታ ተረኞች ናቸው ማለት ነው። (ነርስ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ይህቺ ነገር ሁሌም ደስ ትለኛለች።) ሕፃኑን አዩት። ከዚያ ቁጥር 20 ላይ እያመሰገኑ "ተመለሱ" ይላል። ሰባኪዎቻችን እዚህች ቃል ላይ ብዙም አይቆሙም። ወዴት ተመለሱ? ወደ በጎቻቸው ነዋ! ብርዱ ያው ብርድ፣ በጉም ያው በግ።

ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን የምታውቅ ይመስለኛል። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። ገና ግን እንዲያ አይደለም። ከኅዳር 15 ጀምረን ጾመን፣ ፈስከን ሳንጠግብ የሚቀጥለው ረቡዕ እንደ ወትሮው ጾም ነው። በልጅነቴ ይህ ያናድደኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ደስታው ዶሮ ወጡ ውስጥ ቢሆን ኖሮ እስከ ረቡዕም አይቆይም። ይህ ጾም የማይመለከታችሁ ፕሮቴስታንት ልጆችም እረኞቹን ታውቋቸዋላችሁ።

ደስታን ከሙድ ጋር አታምታቱ። ሙድ እንቅልፍ ስታጡ ይጠፋል፤ የእኔ የዚያን ቀን እንደዚያ ነው የሆነው። ሁልጊዜ ሳቁ ማለቴም አይደለም። ልጇ የሞተባት እናት ፊት "ደስ ይበልሽ" የሚል አማኝ አይቼ በእሱ ፈንታ አፍሬያለሁ። ጳውሎስ ራሱ ደስ ከሚላቸው ጋር ደስ ይበላችሁ ካለ በኋላ ከሚያለቅሱም ጋር አልቅሱ ይላል።

እና ምን አድርጉ ነው የምለው? ትንሽ ነገር። ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ የምትሠሩ፣ ማሽናችሁን ለቀጣዩ ሰው አጽድታችሁ አስረክቡ። ቢሮ የምትሠሩ፣ የጥበቃውን ስም እወቁ፤ በስሙም ጥሩት። ባለጉዳይ ሦስቴ ሲጠይቅ ሦስተኛውን እንደ መጀመሪያው መልሱለት። ይሄኛው ከሁሉም ይከብዳል፤ ዛሬም ያቅተኛል።

ያቺን እናት ይቅርታ ለመጠየቅ እስከ ከሰዓት ድረስ አቅማማሁ። ኩራት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። በመጨረሻ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና "ጠዋት በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ" አልኳት። "ኧረ ምንም አይደል፣ ደክሞሽ ነው" አለች። ትንሽ ዝም አለችና "እንግዲያስ ሲስተር፣ መድኃኒቱ ስንት ሰዓት ነው ያልሽኝ?" ብላ ለአራተኛ ጊዜ ጠየቀችኝ።

ያኔ ነው ማንበብ እንደማትችል የገባኝ። ወረቀት አወጣሁና ለጠዋቱ ፀሐይ፣ ለማታው ጨረቃ ሣልኩላት። ጨረቃዬን አይታ ሳቀችብኝ። ሙዝ ነበር የሚመስለው።