እኔ ልለወጥ ወይስ እሱ ይጠመቅ?

ጤና ይስጥልኝ፣

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምኖር የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ክርስትና ተነሥቼ፣ ቆርቤ ያደግሁ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ። ላገባው ያሰብኩት ሰው ቤተ እስራኤል ነው። በልጅነቱ ከጎንደር ወደ እስራኤል ሄዶ እዚያው አደገ፤ አሁን ለሥራ እዚህ ነው። ወላጆቹ የሚኖሩት ነታንያ ሲሆን ከጥቂት ዓመት በኋላ እኛም እዚያ የመኖር ሐሳብ አለን። እናቱ በደወሉ ቁጥር «ልጄ፣ እንደኛ ሁኚና ግቢ» ይሉኛል። የኔዋ እናት ደግሞ «ማተብሽን ከበጠስሽ አልወለድኩሽም» ብላኛለች። እሱ መሃል ቤት ሲጨንቀው «ካስፈለገ እኔው እጠመቃለሁ፣ የሚቀለውን እናድርግ» ይላል።

አንድ ወዳጃችን በኢንተርኔት ስድስት ሳምንት ተምሬ የመለወጫ ወረቀት የማገኝበት ቦታ ጠቁሞናል። ለመስከረም አዳራሽ ልንይዝም ነው። ከቀድሞ ግንኙነቴ የ5 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ፤ እሷም ክርስትና ተነሥታለች። የሷ ነገር እንዴት ይሆናል? አያቴ ያስነቀሰችኝ ግንባሬ ላይ ያለው መስቀልስ? ደግሞ እውነቱን ልናገርና ክርስቶስን ከልቤ ማውጣት የምችል አይመስለኝም። በልቤ ይዤው ብለወጥ ምን አለበት?

ግራ የገባኝ፣ ከሜሪላንድ

---

እህቴ፣

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የሚንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። አይሆንም። በአይሁድ ሥርዓት የሚለወጥ ሰው ሦስት ዳኞች በተቀመጡበት ቤት ዲን፣ ማለትም የሃይማኖት ፍርድ ቤት፣ ፊት ቀርቦ የቀድሞ እምነቱን መተዉን፣ ትእዛዛቱንም መቀበሉን በአፉ ይናገራል። ስለ ክርስቶስ በቀጥታ ይጠይቁሻል። ዋሽተሽ ብታልፊ ከጊዜ በኋላ ሲታወቅ መለወጥሽ ከመነሻው እንዳልነበረ ይቆጠራል፤ ከዚያ በኋላ የወለድሻቸው ልጆች ጉዳይም አብሮ ይናጋል። በቤተ ክርስቲያንም በኩል ቢሆን ያ ቃል ክሕደት ነው። ስለዚህ ክርስቶስ አምላክሽ ከሆነ አትለወጪ። ማተብሽን እንዳሰርሽ ልታገቢው የምትችይበት መንገድ አለ፤ እሱን ወረድ ብዬ እነግርሻለሁ።

እምነትሽ በእውነት እየተቀየረ ከሆነ ደግሞ «የትኛው ይቀላል» የሚለውን ትታችሁ «ማን ይቀበለዋል» ብላችሁ ጠይቁ። እስራኤል ውስጥ በሩ አንድ አይደለም። ዜግነትና ምዝገባ የአገር ውስጥ ሚኒስቴሩ፣ እነ እጮኛሽ ሚስራድ ሃፕኒም የሚሉት፣ ሥራ ነው። አይሁድን የሚያጋባው ራባኑት፣ ማለትም የመንግሥቱ የረቢዎች መሥሪያ ቤት፣ ነው። በአሜሪካ ሪፎርም ወይም ኮንሰርቫቲቭ በሚባሉት፣ ለዘብ ባሉት የአይሁድ ወገኖች ዘንድ፣ በታወቀ ምኩራብ፣ በቅጡ ተምረሽ ብትለወጪ ሚኒስቴሩ አይሁዳውያን መጥተው ዜጋ እንዲሆኑ በሚፈቅደው የመመለስ ሕግ ሊቀበልሽ ይችላል፤ ራባኑቱ ግን በዚያ ወረቀት አያጋባሽም። በ2021 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከፍተኛው ፍርድ ቤት እስራኤል ውስጥ በእነዚህ ወገኖች የተለወጡትም ዜግነት ያገኛሉ ብሎ ሲፈርድ እንኳ የጋብቻውን በር አልነካውም። ነታንያ ላይ በራባኑት ሑፓ (የሠርግ ዳስ) ሥር መቆም ከፈለጋችሁ የአይሁድ ኦርቶዶክስ ቤት ዲን ያስፈልግሻል። እሱም ራባኑቱ ከሚቀበላቸው አንዱ መሆኑን ገና ትምህርት ሳትጀምሪ በጽሑፍ አረጋግጪ። ረቢው ራሱ «ችግር የለም» ስላለሽ ብቻ እንዳትተማመኚ።

የስድስት ሳምንቱን ወረቀት እርሱት። ለትምህርት፣ ለቤት ዲንና በመጨረሻ ለሚጠለቅበት ውኃ ክፍያ ሊኖር ይችላል፤ ደረሰኝ ይሰጥበታል፣ ነውርም የለበትም። ነገር ግን የአይሁድ በዓላት አንድ ዙር ሳይዞሩብሽ፣ በየቅዳሜ ሰንበቱ ምኩራብ ሳትታዪ፣ የሚያውቅሽ ማኅበረሰብ ሳይኖር የተሰጠ ወረቀት ሚኒስቴሩ ዘንድ ወድቆ ይቀራል። አንድ ዓመት ትንሹ ነው፤ በኦርቶዶክሶቹ ዘንድ ሁለትም ከዚያ በላይም ይፈጃል። በጎብኚ ቪዛ እስራኤል ገብቼ እዚያው እለወጣለሁ ማለትም አያዋጣም። የመንግሥቱ የመለወጫ ትምህርት ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ነው፤ ሌላው ሰው መጀመሪያ የልዩ ጉዳዮች ኮሚቴ ፈቃድ ማግኘት አለበት።

አዳራሹንም አትያዙ። ኦርቶዶክሶቹ ዘንድ ከተለወጥሽበት ቀን እስከ ሠርጉ 90 ቀን ተለያይታችሁ መቆየት አለባችሁ፤ የሚፀነስ ልጅ ከመለወጥሽ በፊት ይሁን በኋላ እንዲለይ ነው። ረቢዎች ደግሞ የሠርግ ቀን ቆርጦ የመጣ ሰው ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። እጮኛሽንም ይመረምሩታል። እሱ ሰንበት የማይጠብቅ ከሆነ አንቺ ብቻሽን ትጠብቂያለሽ ብለው አያምኑም። በሰንበት መኪና ስለማይነዳ ቤታችሁ ከምኩራቡ በእግር የሚደረስበት መሆን አለበት። በዚህ እንኳ ዕድለኛ ነሽ፤ የኦርቶዶክስ አይሁዶች ሰፈር የሆነው ኬምፕ ሚል እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ነው።

ኩሽናሽ ካሰብሽው በላይ ይለወጣል። ሥጋና ወተት ስለማይገናኙ ዶሮ ወጥ በዘይት ይሠራል እንጂ ቅቤ አይገባበትም፤ ክትፎ በቅቤና በአይብ የሚባል ነገር ቀርቷል። ሥጋው የሚገዛው ከኮሸር፣ ማለትም በአይሁድ ሥርዓት ከሚያርድ፣ ልኳንዳ ነው፤ የሐበሻም ሆነ የሐላል ልኳንዳ አይሆንም። ለሥጋና ለወተት የተለያየ ድስት፣ ሳህን፣ ማንኪያ ያስፈልግሻል፤ የድሮው ድስት የትኛው እንደሚነጻና የትኛው እንደሚጣል ረቢው አይቶ ይነግርሻል። የጾም ምግብ ልምድሽ እዚህ ላይ ይጠቅምሻል፦ በዘይት የተሠራ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን ከሥጋም ከወተትም ጋር ይቀርባል፣ አትክልቱ ከትል ከተመረመረ። እንጀራው ላይ ግን ጠይቂ። አሜሪካ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ ስላለበት እርሾ በሚከለከልበት በፋሲካቸው ሳምንት ከቤት መውጣት አለበት።

የመጨረሻው ቀን ሚቅቬ ነው፣ ማለትም ቢያንስ 40 ሰአ (የጥንት የዕብራውያን መስፈሪያ) የዝናብ ወይም የምንጭ ውኃ ያለበት መጥለቂያ። ከውኃው የሚጋርድ ምንም ነገር ገላሽ ላይ አይኖርም። የጥፍር ቀለምና የተለጠፈ ጥፍር ይነሣል። ሹሩባው ይፈታል፣ ይበጠራል። የተሰፋ ሂዩማን ሄር ካለሽ ቀደም ብለሽ አስፈቺው፤ እዚያ ደርሰው በዚህ ምክንያት የሚመለሱ አሉ። ማተብም ሐብልም አይገባም። ማተብሽን ግን ለታይታ ቀድመሽ አትበጥሽው፤ ልብሽ ሲወስን ይወልቃል፣ ቤት ዲን ፊት በቀረብሽበት ቀን ግን አንገትሽ ላይ መኖር የለበትም። ንቅሳቱ አያስጨንቅሽ። ቀለሙ ቆዳ ውስጥ ስለሆነ ውኃ አይከለክልም፤ እስራኤል ውስጥም ግንባራቸው የተነቀሰ ኢትዮጵያውያት እናቶች አሉ። አብራሽ የምትገባው ሴት ናት፤ ዳኞቹ ገላሽን አያዩም፣ ቃለ ቡራኬውን ነው የሚሰሙት። ሙሉ በሙሉ ካልጠለቅሽ፣ አንዲት የፀጉር ዘለላ እንኳ ላይ ከቀረች፣ እንደገና ትጠልቂያለሽ።

እሱ ልጠመቅ ስላለው ደግሞ ይህ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን አዋቂ ሰው እንደ ንዑሰ ክርስቲያን ተምሮ፣ የክርስትና አባት ይዞ ይጠመቃል፣ ሜሮን ይቀባል፣ በዚያው ዕለት ይቆርባል። አንቺ ልጅ ስላለሽ ተክሊል አይደረግላችሁም፤ ንስሐ ገብታችሁ በቁርባን ነው የምትጋቡት። ሥርዓቱ ሲነገር አጭር ይመስላል። ለቤተሰቡ ግን ከባድ ነው። ከ1860 ጀምሮ ሚሲዮኖች በጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤልን ሲሰብኩ የተለወጡት በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ይጠመቁ ነበር፤ ፈላስ ሙራ የሚባሉት የእነዚያ ዘሮች ጣጣ የሚመዘዘው ከዚያ ነው። በሕግም በኩል በ1962 የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ አይሁዳዊ ሆኖ ተወልዶ የካቶሊክ መነኩሴ የሆነውን ኦስዋልድ ሩፋይዘንን የመመለስ ሕግ አይመለከትህም ብሎታል። እጮኛሽ ዜጋ ስለሆነ በመጠመቁ ዜግነቱን አያጣም። ግን «የሚቀለውን» ብሎ ለሚጠመቅ ሰው አንድም ቄስ እጁን ባይዘረጋ ደስ ይለኛል፤ ጥምቀት አንዲት ናት፣ ወጥቶ የሚመለስ ሰው እንኳ የሚገባው በቄደር፣ በመንጻት ጸሎት፣ ነው እንጂ ዳግም አይጠመቅም።

የእሱን ወረቀትም አሁኑኑ አውጡ። ቤተሰቡ በ1984ቱ ወይም በ1991ዱ ወደ እስራኤል የማጓጓዝ ዘመቻ ከገቡ ቤተ እስራኤሎች ከሆኑ መንገዱ ይቀላል። በፈላስ ሙራ ጉዳይ የገቡ ከሆነ ግን የእናቱ ወደ አይሁድ እምነት የመመለሻ ወረቀት በራባኑት ይጠየቃል። ሲጠይቁ በትሕትና ይሁን፤ በ1985 ራባኑቱ ቤተ እስራኤሎችን ራሳቸውን «ለጥንቃቄ ጥለቁ» ብሎ ሰልፍ አስወጥቷቸው ነበር፣ ቁስሉም ያልሻረላቸው አሉ። አያቱ ቄስ ነበሩ ቢባል አትደንግጪ። የተለወጠች ሴት እንዳያገባ የሚከለከለው በአባቱ መስመር የአሮን ዘር የሆነ ኮሄን ነው፤ የቤተ እስራኤል ቅስና በራሱ ያን አያደርግም።

የአንቺም ሰነዶች አንድ ዓይነት ይሁኑ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ የልደት ቀን ከፓስፖርትሽ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ሊለይ ይችላል፤ የአባት ስም አንዱ ላይ መካከለኛ፣ ሌላው ላይ የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገኛል። በመለወጫው ወረቀት ላይ የዕብራይስጥ ስምሽ «የአብርሃም ልጅ» ተብሎ ስለሚጻፍ የፓስፖርት ስምሽም እዚያው ላይ እንዲሰፍር ጠይቂ።

ሳትለወጪ የምትጋቡበትን መንገድ እነግርሻለሁ ብዬ ነበር። በሜሪላንድ በሕጋዊ ጋብቻ ትጋባላችሁ። እስራኤል ውስጥ የማዘጋጃ ጋብቻ ባይኖርም በውጭ አገር የተደረገው ከ1963ቱ የፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ይመዘገባል። አንቺም እንደ ዜጋ ሚስት በደረጃ፣ ከአራት ዓመት በላይ በሚወስድ ሂደት፣ ዜግነት ታገኛለሽ፤ በየጊዜው ኑሯችሁ እውነተኛ መሆኑን በማስረጃ ታሳያላችሁ። ጉዳቱን ልደብቅሽ አልችልም። ልጆቻችሁ በራባኑት ዘንድ እንደ አይሁድ አይቆጠሩም፤ አንቺም በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ስላላገባሽ ከቁርባን ትርቂያለሽ። ይህን ለንስሐ አባትሽ ራስሽ ንገሪያቸው፤ እናትሽም ከሰው አፍ ሳይሆን ካንቺ ይስሙት። ብትለወጪም እንኳ እናት እናት ናት፤ የአይሁድ ሕግ እሳቸውን ማክበርን አያስቀርብሽም። ቤታቸው ትሄጃለሽ፣ ለቅሶ ትቀመጫለሽ፤ የአይሁድ ኦርቶዶክሶቹ የሚከለክሉሽ ለቅዳሴና ለፍትሐት ቤተ ክርስቲያን መግባትን ነው።

ልጅሽ አንቺ ከመለወጥሽ በፊት ስለተወለደች ወዲያው አይሁዳዊት አትሆንም። ቤት ዲኑ ከተስማማ አብራሽ ልትጠልቅ ትችላለች፤ 12 ዓመት ሲሞላት «አልፈልግም» የማለት መብቷ የተጠበቀ ነው። አባቷ በአስተዳደጓ ድርሻ ካለው የሱን ስምምነት በጽሑፍ ሳትይዢ ምንም አትጀምሪ፤ በኋላ ፍርድ ቤት ሊያቆምሽ ይችላል። የልጅቷን ጉዳይ ለረቢው በመጀመሪያው ቀጠሮ አንሺው፤ አንዳንዱ ቤት ዲን ልጁ የሚማርበትን ትምህርት ቤት ሳይቀር ይጠይቃል፣ ኬምፕ ሚል አካባቢ የቤት ኪራይ ስትፈልጉ ይህም ሒሳብ ውስጥ መግባት አለበት።