ከካፌ ልውጣ ወይስ ልቆይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በካፌ፣ ማለትም በግቢው የተማሪዎች መመገቢያ፣ የሚቀርበው ሽሮና ምስር እየተፈራረቀ ሰልችቶኛል፤ ጨጓራዬንም ያቃጥለኛል። እራት 11 ሰዓት ላይ እንበላለን፤ ጠዋት ግን ሰልፉ ስለሚረዝም ቁርሴን ትቼ ወደ ክፍል እሄዳለሁ። የዶርም ጓደኞቼ «ነን ካፌ» ሆነው፣ በካፌው ምግብ ፈንታ ከዩኒቨርሲቲው በወር 3,000 ብር በእጃቸው እየተቀበሉ ውጭ ይመገባሉ። ከግቢው በር ፊት ለፊት ያለ ምግብ ቤት ለምሳና ለእራት በወር ኮንትራት 3,600 ብር ይጠይቃል። ቤተሰቦቼ አርሶ አደሮች ናቸው፤ በየወሩ 1,000 ብር ይልኩልኛል። እናቴ «ካፌውን እንዳትለቂ» ብላኛለች፤ እኔ ግን መውጣት እፈልጋለሁ። ምን ይመክሩኛል?

ጨጓራዋ ያስቸገራት

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ እናትሽ ልክ ናቸው። ምክንያቱን ግን ዘርዝሬ ልንገርሽ፤ የእናት ቃል ስለሆነ ብቻ እንድትቀበዪው አልፈልግም።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ለኮንትራቱ 3,600 ብር ለመክፈል ከምትቀበዪው ገንዘብ ላይ 600 ብር መጨመር አለብሽ። ቁርስ ደግሞ በዚህ ውስጥ የለም። ሻይና ዳቦውን በቀን 30 ብር ብናስበው በወር 900 ብር ነው። 1,500 ብር ጎደለ ማለት ነው፤ ከቤት የሚመጣልሽ 1,000 ነው። ሳሙናው፣ ፎቶ ኮፒው፣ የስልክ ካርዱ፣ የወር አበባ መጠበቂያው ገና አልተቆጠረም።

የ3,000 ብሩን አመጣጥም እወቂው። በቀን 100 ብር ሒሳብ ነው። መንግሥት ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ ለረጅም ዓመታት የሚመድበው 15 ብር ነበር፤ ኋላ 22 ብር ሆነ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 100 ብር ከፍ አለ። ግቢው በዚህ ገንዘብ ሦስት ጊዜ ሊመግብሽ የሚችለው እህሉን ለሺዎች በአንድ ጊዜ ስለሚገዛና ስለሚያበስል ነው። ያንኑ 100 ብር ይዘሽ ብቻሽን ከበር ብትወጪ ለሁለት ጊዜ እንኳ እንደማይበቃሽ የኮንትራቱ ዋጋ ራሱ ነግሮሻል።

ነጻ ምግብም አይደለም። በ1996 ዓ.ም. በተጀመረው የወጪ መጋራት አሠራር ከትምህርቱ ወጪ የምትጋሪው ከፊሉን ሲሆን፣ የምግቡና የመኝታው ግን ሙሉው በአንቺ ላይ ይቆጠራል። ተመርቀሽ የምትከፍዪው ነው። በሰልፉ ምክንያት ትተሽው የሄድሽው ቁርስ ሁሉ ሳትበዪው ዕዳ ሆኖ ተጽፎብሻል። ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል።

እኔም ሁለተኛ ዓመት ላይ ከካፌ ወጥቼ ነበር። አራት የዶርም ጓደኛሞች ተስማምተን ለአንድ ምግብ ቤት የሁለት ወር ኮንትራት ቀድመን ከፈልን። የመጀመሪያው ወር ደስ የሚል ነበር፤ እሑድ እሑድ እንቁላል ፍርፍር ሳይቀር ይቀርብልን ነበር። በሁለተኛው ወር አጋማሽ፣ ልክ የፈተና ሳምንት ሲገባ፣ ምግብ ቤቱ ተዘግቶ አገኘነው። ለቀጣዩ ወር የሚሰጠን ገንዘብም ዘገየ። በእነዚያ ቀናት ያቆየችን በካፌ የቀረች አንዲት የክፍላችን ልጅ ናት፤ ከድርሻዋ እየቆረሰች በምሳ ዕቃ ታመጣልን ነበር። ለአራት ሰው አንድ እንጀራ። ያቺን ልጅ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

አሁን ወደ ጨጓራሽ ልምጣ፤ የደብዳቤሽ ዋናው ነገር እርሱ ነውና። 11 ሰዓት ላይ እራት ትበያለሽ፣ ቁርስ ትዘያለሽ፣ ምሳ የምታገኚው 6 ሰዓት ላይ ነው። ቁጠሪው፤ 19 ሰዓት ነው! በዚህ መካከል እስከ እኩለ ሌሊት ታጠኚያለሽ፤ እንቅልፍ ለማባረርም ቡና ሳትጠጪ አትቀሪም። ከዚያ በኋላ በርበሬ ያለበት ሽሮ ባዶ ሆድ ላይ ሲወርድ ቢያቃጥል ምን ያስገርማል? ሽሮውን ከመክሰስሽ በፊት ይህን ክፍተት ዝጊው። ከሰልፉ ቀድመሽ፣ ካፌው እንደተከፈተ ግቢ። ማታ ለሚርበሽ ደግሞ እናትሽ ስንቅ ይላኩልሽ፤ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ። በሶ እሳት አይፈልግም፤ በውሃና በጥቂት ስኳር ከበጠበጥሽው ሌሊቱን ያሻግርሻል። ዶርም ውስጥ በኤሌክትሪክ ምድጃ ማብሰልን ግን አደራ፣ አትሞክሪው። ብርድ ልብስና ደብተር በተከመረበት ጠባብ ክፍል እሳት ቢነሳ የሚጎዳው የአንቺ አልጋ ብቻ አይደለም።

በዚህ ሳምንት ውስጥ ወደ ግቢው ክሊኒክ ሂጂ። የጨጓራ ሕመም ብዙ ጊዜ ኤች ፓይሎሪ በሚባል ባክቴሪያ ይመጣል፤ ይህ ከሆነ ምግብ በመለወጥ አይድንም፣ ተመርምሮ በመድኃኒት ነው የሚታከመው። ለራስ ምታት ብለሽ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ በባዶ ሆድ የምትውጪ ከሆነ አቁሚ፤ ጨጓራን ይጎዳል። ሐኪሙ ቅመም የሌለበት ምግብ ያስፈልጋታል ካለ በጽሑፍ እንዲሰጥሽ ጠይቂና ወረቀቱን ይዘሽ የካፌውን ኃላፊ አነጋግሪ። አትፈሪ። ሌሊት ተነሥተው የሚያበስሉልሽ እናቶች ሕመምሽን ካወቁ ችላ አይሉሽም።

ይህን ሁሉ አድርገሽ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመትም መውጣት ካሰኘሽ አልቆጣሽም። ያን ጊዜ ግን ከ15 ቀን በላይ ቀድመሽ አትክፈዪ፤ የከፈልሽበትን ቀን በደብተር አስፈርሚ፤ ወደ ካፌ መመለስ የሚፈቀደው መቼ እንደሆነም ሳትወጪ በፊት ከተማሪዎች አገልግሎት ጠይቂ።

ክሊኒኩ የነገረሽን ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።